ያልታጠበ ሩዝ

«አትጠቢው» አለኝ ሼፍ አንማው፣ እጄ ውሃው ላይ እንዳለ፣
«ዱቄቱ ነው የሚያያይዘው፤ ከታጠበማ ምን አለ?»
እናቴ ብትሰማ ጉድ ፈላ!
ሰፌድ ይዛ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ጠጠር ለቅማ፣ አንገዋልላ፣
ሦስት ውሃ ሳታጥበው ሩዝ ከድስት አስገብታ አታውቅም፤
ያልታጠበ ለእንግዳ ማቅረብ በእሷ ቤት ከስድብ አያንስም።

እኔ ግን ባሕር ዳር ነኝ፤ ጣናን በሚያይ ኩሽና፣
ሪዞቶ የሚሉት ምግብ ልሠራ፣ ዛሬ ገና።
ፓስታን ድሮ ለምደነዋል፣ መኮሮኒም ዘመድ ሆኗል፣
ሳልሳ እንኳ በየሱቁ በቆርቆሮ ተኮልኩሏል፤
ፎርኖውም ፎርማጆውም ስማቸውን እንደያዙ ገቡ፤
ይሄ ብቻ ደጅ ቀርቷል፤ እንጃ፣ ምን ይሆን ሰበቡ።

ሽንኩርቱ ይለስልስ እንጂ እንዳይቀላ፤
ሩዙም ይታመስ፣ ግን ቆሎ እንዳይሆን ኋላ።
ከዚያ የቆሮሶ ራስ የፈላበት መረቅ፣
አንድ ጭልፋ። ቆም። መጥጦ ሲጨርስ ማወቅ።
ደግሞ አንድ ጭልፋ። ማማሰል። መስማት።
ሲጠማው ድምፁ ይለወጣል፤ ይጀምራል መንጫጫት።
«ጥለሽው ወዴትም እንዳትሄጂ» ይላል ሼፍ አንማው፣
«ሕፃን ነው፤ ዘወር ስትይ ነው የሚያለቅሰው።»

ዛፍራን የለም። ከየት ይምጣ? እርድ በቁንጥጫ ጣልኩ፣
ወይኑም ከጠርሙሱ ቂጥ ተንጠፈጠፈ፤ ይበቃል አልኩ።
በመስኮቱ፣ እንቦጭ ሐይቁን እንደ ሰርዶ ወርሶታል፣
አንድ ታንኳ መሃሉ ላይ መንገድ አጥቶ ይንገላታል።
አየሁት። ተመለስኩ። ሩዝ ይዣለሁ።

ያዘዘው ሰውዬ ደግሞ፣ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የነበረ፣
ስልክ መጣለት፣ ብድግ አለ፣ በባጃጅ በረረ።
«እመለሳለሁ» አለ አሉ። መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤
ሰው ነው ሪዞቶን የሚጠብቅ፤ ሪዞቶ ሰው አይጠብቅም።

ያን ጊዜ የጓሮው በር ተንኳኳ።
አባቴ፣ ጥጋቡ ይርሳው፤
ከወረታ ሁለት ኩንታል ሩዝ በአይሱዙ ጭኖ መምጣቱ ነው።
ጋቢው ላይ ገለባ፣ ጫማው ላይ የርብ ጭቃ፣
ልሂድ ይላል ገና ሳይገባ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ በቃ።
«አረፍ በል አባ፣ ቅመሳት።» «ሩዝ ነው?» «የራስህ ሩዝ።»
«ሩዝስ መቼ አጣሁ ብለሽ?» አለ፣ እንደ መሳቅ፣ እንደ መተከዝ።

ሩዝ አይወድም አባቴ። ይዘራዋል፣ ይሸጠዋል እንጂ።
ድሮ ሜዳው የላም ነበር፤ ክረምት ውሃ ሲተኛበት፣
ውሃው ሲሸሽ ሣር ሲሆን፣ ከብቱ እስከ ሆዱ ሲገባበት።
ሩዝ መጣ፤ ውሃ የሚወድ እህል፤ ሜዳው ሁሉ ታረሰ፣
ዳልቻም ተሸጠች፤ ከቤታችን የወተት ሽታ አነሰ።
«ሩዝ ላሜን በላት» ይላል፣ ያው እስከ ዛሬ፤
ቤቱ በሩዝ ቆርቆሮ ለበሰ፤ እኔም ተማርኩ በሩዝ ፍሬ።

ሳህኑን አየ፤ አሸተተ። «ገንፎ ነው ወይ?» አለ።
«ኧረ አይደለም።» «ታዲያ ማን ወለደ?» ሼፉ ከት አለ።
ሹካውን ገፋ፤ እጁን ታጠበ፤ መሃሉን በጣቱ ጎደጎደ፣
ልክ እንደ ገንፎ፣ ከዚያ ቀና ብሎ መዳፉን ሰደደ፦
«ቅቤው የታለ?»

ሼፍ አንማው ጭልፋውን ሊጥል ደረሰ።
የመጽሐፉ መጨረሻ መስመር፦ እሳቱ ጠፍቶ ሩዙ ከተነፈሰ፣
ቅቤ። ያውም በደንብ። የረሳነው፤
በዘጠኝ ቁጥር ስንናደድ የዘለልነው።

ሐሙስ ነው፣ ደግነቱ። ሮጬ ከፍሪጅ አመጣሁ፣
የፎገራ ላም ቅቤ፣ ከገበያ የገዛሁ።
ጉድጓዱ ውስጥ ቀለጠ፤ ቢጫ በቢጫ ላይ ፈሰሰ፤
አባቴ በጣቱ ጠቀሰ፣ ጎረሰ፣
ዝም አለ።
ደግሞ ጎረሰ።
«ታርቀዋል» አለ።
እነማን ብዬ አልጠየቅኩም።

ዘጠኝ ቁጥር ተመለሰ፤ ይቅርታ እየጠየቀ።
ይጠብቃ! አዲስ ድስት፣ አዲስ ሽንኩርት፤ ያኛው አለቀ።
አባቴ በሩ ላይ ዞር አለ፣ ብሩን ወገቡ ላይ ቋጥሮ፦
«ስንቅነሽ፣ ግን አጥበሽዋል አይደል?» አለኝ፣ ተጠራጥሮ።
«ሦስት ውሃ» አልኩት፣
ለእናቴም እንዲነግርልኝ።