አንድ ጥርስ

ከቀዩ ኮረብታ ግርጌ፣ ከፍጥነት መንገዱ ማዶ፣
ቱሉ ዲምቱ ጋራዣችን፣ ጥግ ጥጉ የዛገ ዳዶ፣
ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሐምሌ ጣሪያውን ይቀጠቅጣል፣
ደምሰው የባንክ ዕዳውን ይዞ ቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

ቪትዟ አፏን ከፍታለች፤ ክዳኗ ተገፎ፣ ወልቆ፣
የሆዷ ምስጢር ተዘርግቷል፣ በናፍጣ ታጥቦ ደርቆ።
የአሮጌዎቹ ካምሻፍቶች ጉብታቸው ተበልቷል፤
ዘይት በጊዜው ያልቀየረ ብረቱን ለብረት አስበልቷል።
አዲሶቹ ከመርካቶ ናቸው፤ በሰም ወረቀት ተጠቅልለው፣
ገና እሳት አልነካቸውም፣ ያብረቀርቃሉ ዘይት ለብሰው።
አንዱ ለሞተሩ ትንፋሽ ያስገባል፣ አንዱ ጭሱን ያስወጣል፤
ካቴናው ሁለቱን አስሮ ከክራንኩ ትዕዛዝ ያመጣል።

«ካምሻፍት ማለት» ይለኝ ነበር ጋሽ ኩምሳ፣ ገና ስመጣ፣
«የበር ዘበኛ ነው ልጄ፤ ማን ይግባ፣ መቼ ማን ይውጣ።
ዘበኛው ካንቀላፋ ግን፣ ፒስተኑ በሩን ይጠልዛል፣
ቫልቩ ይጎብጣል፤ ከዚያ ወዲያ ይቅርታሽን ማን ይገዛል?»

መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ይሄን ነበር፦
አንደኛው ፒስተን ጫፍ ይድረስ፤
ክራንኩ ምልክቱ ላይ ይንገስ፤
ካፑን ከመሃል ጀምረሽ፣ ጥቂት በጥቂት እያጠበቅሽ
(ቸኩለሽ አንዱን ብታንቂው ብረቱን ትሰብሪዋለሽ)፤
የሁለቱ ማርሽ ነጥቦች ወደ ሰማይ ይቁሙ፤
የካቴናው ቢጫ ቀለበቶች ነጥብ በነጥብ ይግጠሙ።

ጋሽ ኩምሳ መነጽር አያደርግም። «መነጽር ለባንክ ሠራተኛ!»
ሠላሳ ዓመት በጣቱ አይቷል፤ ጣቱ ነው የእሱ ዳኛ።
ዛሬ መብራት የለም፤ ደመናው ቀኑን አምሽቶታል፣ ጥቁር ነው፤
ስልኬን አብርቼ ያዝኩለት።
አየሁ። ነጥቡን አለፈው።

አንድ ጥርስ።
የሩዝ ፍሬ አታክልም።
ግን ቢጫው ቀለበት ከነጥቡ ጎን ቆሟል እንጂ ነጥቡ ላይ አይደለም።

ምን ይባላል? አሥራ ሁለት ቁልፍ መጀመሪያ ያስጨበጠኝን ሰው፣
«ሴት ልጅ ለጋራዥ?» ያለውን ሁሉ በመፍቻ ጫፍ የመለሰው፣
«ተሳስተሃል» ይባላል? ያውም ባለመኪናው እየሰማ?
ምላሴ የዛገ ቦሎን ነው፤ ቢያዞሩት ድምፅ አያሰማ።

ክዳኑን ሊገጥም ሲያነሳ፣
«ጋሽዬ» አልኩት፣ «ትምህርቴን እንዳልረሳ፣
ሁለት ዙር በእጅ እናዙራት? ክንድ ከቁልፍ በፊት እንዳልከኝ፣
ሞተር ሲዋሽ ክንድ ይሰማል ብለህ እንደመከርከኝ።»

ዝም አለ። አሥራ ዘጠኝ ቁልፉን ክራንኩ ላይ ሰካ።
አንድ ዙር። ሁለት። ቆመ። ጣቱን ሰድዶ ነጥቡን ነካ፣
የቀለበቱን ጠርዝ ዳሰሰ፤ ደግሞ ደገመው፤
ለካ።

«አዲስ ካቴና ይንሸራተታል» አለ፣ ዞሮ ለደምሰው።
ፈታነው።
እኔ ነጥቡን አነበብኩለት፣ እሱ ጥርሱን መለሰው።
ማታ ስትነሳ፣ ከዝናቡ በታች ነበር ድምፅዋ፤
ደምሰው ከነዕዳው ከነፈ፤ ቀረ የጎማ ዱካዋ።
ሒሳቡን ጋሽ ኩምሳ ቆጠረ፤ የእኔን ድርሻ ሁለቴ ሰጠኝ፣
ተሳስቶ ይሁን አውቆ እንጃ፤ እኔም መመለስ አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ መኪና ሆዷን ከፍታ ስትቆም፣
ከእህቴ ቦርሳ ሰርቄ ይዤ መጣሁ የጥፍር ቀለም፤
ጠብ አደረግኩ፣ አንድ አንድ ጠብታ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ፣
«እኔ እንዳልሳሳት ነው» አልኩ፣ ዓይን ዓይኑን ሳላይ።

ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ አባራ።
«ዲምቱ» አለ ቀስ ብሎ።
ኮረብታውን ይሁን፣ ነጥቡን፣ ወይስ እኔን ሲጠራ፣
አልጠየቅኩትም።
ካቴናውን አቀበልኩት። ጀመርን ሥራ።