ያላገባ

የጦይባ ሲም ካርድ እኔ ዘንድ ነው ያለው፤
በየወሩ መግቢያ አምስት ብር የምሞላው
ቁጥሩ እንዳይሞት ነው፤ ደዋይስ ማን አለው።

"ኮዱ መጣ?" ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
እመቤቷ ሳትሰማ፣ ሻርጃ ሳይነጋ።
"የለም።"
ከጦሳ ጉም ወርዷል፣ መብራቱም ጠፍቷል፤
ኔትወርክ እንደ ድመት መስኮት ላይ ተኝቷል።
ወንበር ላይ ወጥቼ ከመስታወቱ ሳቀርበው
ድው አለ። "አራት፣ ሰባት፣ ዜሮ…" "ቀስ ብለህ አንብበው!"
ስክሪኑ ስንጥቅ ነው፣ ስምንት ዜሮ ይመስላል፤
እስክንለየው ድረስ "ጊዜው አልፏል" ይላል።

በሁለተኛው ገባች። ቀበሌ ምረጪ ሲላት
የኛን ከነስሙ ዝርዝሩ ረስቶት፤
"የቱን ልንካ፣ እንድሪስ?" "ቧንቧ ውሃን ንኪው፣
ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከኛ ጋር አንድ ነው።"

"ወረቀቱስ ለምን?" አልኳት። ዝም አለች።
"የከሚሴ ልጅ ነው" አለች ቆይታ፣ "ሹፌር።
ለእማዬ እንዳትነግር።"

ያኔ ነው በቀይ የጻፈው፦
"ላለማግባትዎ ማረጋገጫ በአካል ይቅረቡ።"

እሷ አፏን በፎጣ፣ እኔ በጋቢዬ፤
ሳቃችን እንዳይሰማ፣ እመቤቷ፣ እማዬ።

ጠዋት ወረዳው በር ሦስት ሰው ይዣለሁ፦
ልብስ ሰፊው ይማም፣ ሁለት የሰኞ ገበያ ሴቶች፣
ስትድህ ያዩአት፣ ሊምሉ የመጡ።
"ባለጉዳይዋስ?" አለ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።
ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ
ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት።
አምስት ብር አለው። ይደውሉለት።