አትንቀሳቀስ

ሃያ ሁለት ዓመት ፒያሳ ላይ ቆሜ፣
በሰው ፊት ቆጠራ ጨረስኩ ግማሽ ዕድሜ።
ከሰማያዊው ጨርቅ ፊት ሰው ሳስቀምጥ፣ ሰው ሳስነሳ፣
"ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ፣
ዓይንህን አትጨፍን፣ አትንቀሳቀስ፣"
ጅዳ የሚሄድ ፊት፣ ከጅዳ የሚመለስ፣
የፈተና ጉርድ፣ የመታወቂያ ጉርድ፣
አራት አራቱን በመቀስ
ቆርጬ በፖስታ ስሰጥ፣
ዘንድሮ አንድ ነገር አማረኝ፤
ሒሳብ የማይከፍል፣ ቀጠሮ የማይሰጥ
ደንበኛ ማንሳት።

ቴሌስኮፑን ያመጣችው የሙሄ እህት ናት፣ ከሻርጃ።
ቱቦውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
እግሩን በሰው ጫማ መሃል ወትፋ፣
ጉምሩክ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲላት
"የውኃ ቱቦ" ብላ።
ይቅር ይበላት። እኔንም አብሮ።

የመጀመሪያው ማታ ጉም።
ሁለተኛው ማታ ጉም።
በሦስተኛው ጦሳ ራሱ ጠፋ።
የደሴ ጉም እንደ ዘመድ ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣
እንደ ዘመድ ነው፣ ሂድ አይሉት፣ ሲያሻው ይቀመጣል።
ዘምዘም ከደረጃው ሥር አንገቷን አቅንታ
"የሰው ባል ቤት ይሠራል፤
የኔው በስድስት ወር ገቢ የጉም ማያ ገዛ፣"
አለች። ምን እላለሁ? ልክ ናት።
ሌንሱን በስስ ጨርቅ አብሼ፣ ክዳኑን ገጥሜ ወረድኩ።

በአምስተኛው፣ የኅዳር ንፋስ ከአዝዋ ገደል ወጥቶ
አደረው ሰማዩን ጠርጎ፣ አጥቦ፣ አስጥቶ።
ከተማው ግን በርቷል።
የሆቴሉ ፎቅ፣ የባንኩ ቀይ ጽሑፍ፣ የአስፋልቱ መብራት፤
ሰማዩ ብርሃን እንደገባበት ፊልም ነጣብኝ።
ሙሄ የባጃጁን ባትሪ ፈትቶ፣ ተሸክሞ ወጣ፣
የቴሌስኮፑን ሞተር ሊያስነሳልኝ።
የሰሜኑ ኮከብ እኛ አገር ዝቅ ብሎ ነው የሚኖር፣
ከጎረቤት ሮቶ ጀርባ ገብቷል፤
በስልክ ኮምፓስ፣ በግምት፣ በቢስሚላህ አቀናን።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሄደ።
ደሴ በአንድ አፍ "ኤጭ!" አለ።
እኔ ብቻ "እሰይ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፤
የታችኛው ቤት ሰዎች ሰላምታቸው እስከ ዛሬ ቀዝቅዟል።

የመጀመሪያዋ ፎቶ፦
ኮከቦቹ ሁሉ ተጎትተው፣ እንደ ሩዝ ፍሬ።
"አትንቀሳቀሱ!" አልኳቸው፣ አፌ ለምዶ።
ሙሄ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል አፌ ተያዘ፤
የሚንቀሳቀሰው ማን ሆነና?
እኔ ነኝ፤ ጣሪያዬ ነው፤ ፒያሳ ነው ከነባጃጁ፤
ጦሳ ነው፣ ያ ኩሩ፣ ንቅንቅ የማይል መሳዩ፣
በሌሊት ተሸክሞን የሚዞር።
እነሱማ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ይታያል።

ብሎኑን ላላ፣ ጠበቅ፣ ደግሞ ላላ አድርጌ፣
ሞተሯ የምድርን ዙረት እየሻረች
መከተል ጀመረች።
ሠላሳ ሰከንድ። እንደገና ሠላሳ። ሰማንያ ጊዜ።
በእያንዳንዷ ትንፋሼን ይዤ፣
ጣቴ ደንዝዞ፣ ሙሄ ከባትሪው አጠገብ ኩርምት ብሎ ተኝቶ።
ሰማንያውን ላፕቶፑ ላይ ስደራርብ፣ ሊነጋ ሲል፣
ከኦሪዮን ሰይፍ ሥር ብቅ አለች፤
ሐምራዊ፣ ጠርዟ እንደተነደፈ ጥጥ፣
ብርሃኗ መንገድ ሲጀምር ደሴ ስም አልነበራትም።

ዘምዘም ለሱብሒ ተነስታ፣ ሻሿን እንዳሰረች፣
ጎንበስ ብላ አየች፤ ብዙ አየች።
"ይሄም ጉም ነው፣" አለች።
ጉም ነው። ምን እላለሁ? ልክ ናት።
ኮከብ የሚጸነስበት ጉም ነው፣ አልኳት።
"ታዲያ የኛውስ?" ብላ ወደ ውዱእዋ ሄደች።

አሁን ከሙሽሮቹ መሃል፣ መስታወቱ ውስጥ ሰቅያታለሁ።
ትናንት አንዲት እናት ከኩታበር ልጇን ይዛ መጣች፣
ለትምህርት ቤት ጉርድ።
ልጁ ወንበሩ ላይ እግሩን ያወዛውዛል፣
ዓይኑ ሐምራዊዋ ላይ፣ አንገቱ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ።
"አትን—" ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።
ካሜራውን ከማቆሚያው ፈታሁ፣
ተከተልኩት።