የአቧራ ቀለም

ሳጥኑን ስከፍተው የአዲስ ጫማ ሽታ ወጣ፤
ከአራት ግራጫ ፍሬም ላይ፣ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ፣
የፕላስቲክ ጦር መጣ።
ቁጥር አንድ የሆዷ ወለል፤ ቁጥር ዘጠኝ የሞተሯ ክዳን፤
ቁጥር ስልሳ ሦስት ደግሞ፣ እንጃ፣
እሱን ያወቀ ይንገረን።

አርባ ዓመት ሰዓት ጠግኛለሁ፣ ቶሩን ከተማ፣ ከድልድዩ በላይ፣
የሰውን ጊዜ በወረንጦ ይዤ፣ በአንድ ዓይኔ ሳይ።
አሁን ጡረታ ነኝ። ጣቴ ግን መቦዘን አልለመደም፤
ሥራ የፈታ ጣት ደግሞ አባቱን ከመፈለግ አይመለስም።

አባቴ ቫሌንቲ ይህችን ነበር የሚነዳ፤
ማማ የላት፣ መድፍ የላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የብረት ኤሊ፣
የጎረቤት በሬ ቢገፋት የምትገለበጥ እዳ።
ጦርነቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ብዙራ ከሚሉት ወንዝ ዳር፣
ብዙ ራቀ።
እኔ ገና በእናቴ ሆድ ነበርኩ፤ አልተሰናበትንም፤
መች ተዋውቀን ነበር?

በረዶው ሲጥል ጀመርኩ።
ሙጫ በመርፌ ጫፍ፣ ትንፋሽ በጉሮሮ፤
የሚስማሮቹን ራስ አንድ በአንድ፣
ሰንሰለቱን አንጓ በአንጓ ቀጠልኩ።
አንዷ አንጓ አምልጣኝ ወደቀች፤ ምንጣፉ ዋጣት፤
የልጄ ልጅ ያግና በደረቷ ተንፏቃ አገኘቻት።
«እንኳን ይቺ፣ ሰውም ይጠፋል» አለች።
ከማን እንደሰማችው አልጠየቅኳት።

ከዚያ ቀለም ላይ ስደርስ ቆምኩ።
ያለችኝ አንዲት ፎቶግራፍ ናት። አባቴ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤
ብረቱ ግራጫ፣ ሳሩ ግራጫ፣
ጥርሱም ግራጫ።
አንዱ መጽሐፍ «እንደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴ ነው» ይላል፤
ሌላው «የለም፣ ቡናማና አሸዋማ ይደባለቃል»።
ሲልቬስተር፣ የእሁድ ወዳጄ፣ መርከብ ብቻ የሚሠራው፣
ጠርሙስ ደርድሮ ሲከራከረኝ አመሸ፤
ሰባት ከፈትን። አባቴ ግን ከሰባቱም ሸሸ።

አንዲት ሴት ቀርታለች አሉኝ፣ አፖሎኒያ፣ ከወንዙ ማዶ መንደር፤
ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ስታይ የነበር።
በአውቶቡስ ሄድኩ። ቀለሞቼን በብጣሽ ካርቶን ቀብቼ፣
እንደ ጨርቅ ነጋዴ ፊቷ ዘረጋሁ፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ።
«የትኛው ነበር?»
ጆሮዋ ይከብዳል፤ ዓይኗ ግን የጭልፊት ነው። ዘግይታ አየች።
«ወንድሜ፣ ቀለሙማ አቧራ ነበር» አለች።
«ዝናብ ጠፍቶ ነበር በዚያ መስከረም፤ መንገዱ ራሱ ይበር ነበር።
እኔ ያየሁት እጅ ነው። ከክዳኑ ሥር ወጣ፣ ዘይት የነካው፤
ፖም ወረወረልኝ። ቀይ። ግማሹን ሰውዬው ገምጦታል፤
የቀረውን እኔ በላሁት።»

የማን እጅ?
አምዱ ረጅም ነበር፤ እጅ ሁሉ ዘይት ነክቶት ነበር።
አልጠየቅኳትም። ሻይዋን ጠጣሁና ተነሣሁ።

ቤቴ ገብቼ አረንጓዴውን ቀባሁ፣ ቡናማውን ደረብኩ፤
የቱም ቢሆን ግድ አልሰጠኝም።
ከዚያ ጠመኔ ፈጭቼ በለስላሳ ብሩሽ አቧራ አለበስኳት፣
ሰንሰለቷን፣ ሚስማሯን፣ የክረምቱን ልፋቴን ሁሉ ቀበርኩባት።
ሲልቬስተር አይቶ ራሱን ያዘ። «አበላሸሃት!»

ክዳኗን ከፍቼ ተውኩት። ሰው አላስቀመጥኩም፤
ያን ሳቅ የሚስል ቀጭን ብሩሽ የለኝም።
ከሙጫ ጭቃ ግን አንዲት ፖም አድቦለቦልኩ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰች፣
በአንድ ጎኗ ቀይ፣
በሌላው በመርፌ የጎደጎደች፣ ነጭ፤
በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማትታይ።
ክዳኑ ጠርዝ ላይ አኖርኳት።

ያግና ሁሉንም በአንድ መዳፏ አንሥታ፣
መነጽሬን ዓይኗ ላይ ሰክታ፣
ብዙ አየች።
«አያቴ፣ ማነው የገመጠው?» አለች።

ተቀመጪ አልኳት።