በአጥሩ ግራና ቀኝ

ሁለቱን ማሳዎች በወገቤ ሕመም ለይቼ አውቃለሁ፤
ሃያ ስድስት ዓመት በትራክተር ወንበር ተንጬባቸዋለሁ።
የፊንታን ጠጠር ነው፣ ማረሻ ያነጥራል፤
የሶርካ ረግረግ ነው፣ ጎማ ይሰለቅጣል።
መሃላቸው አጥር፣ እሾሃም ቁጥቋጦ፣
አባት የተከለው ላም ከላም ሊለይበት፤
ዛሬ የሚለየው ወንድምን ከእኅት።
ነገሩ ኑዛዜ፣ አርባ እርምጃ መሬት።
ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ዌክስፎርድ ገበያ ላይ ድንገት ቢገናኙ
እሱ ጫማውን ያያል፣
እሷ ደመና ታያለች።

መጋቢት ሲጋመስ ፊንታን ጎንበስ ብሎ
አፈር ይጨብጣል፣ ይለቀዋል ቶሎ፤
ከተፈረፈረ ይደውልልኛል፣
እንደ ሊጥ ከያዘ ስልኩን ይከተዋል።
ያን ቀን ደወለልኝ።
ገብሱን ዘራሁለት፣ በሮለር ዳመጥኩት፣
እንደተፋቀ ብራና ለስልሶ ለዝናብ ተውኩት።
ለብቅል ነው ገብሱ፣ ውስኪ ለሚያወጡት፤
ፋብሪካው መራጭ ነው፤ ፕሮቲን ከበዛበት
ፊቱን ያዞርበታል፣ እንደ ኩሩ አማት።

ሶርካ አትቸኩልም። በቆሎ የሞቃት አገር ልጅ ነው፣ ብርድ ያስኮርፈዋል።
በየማለዳው ተንበርክካ ቴርሞሜትር አፈር ውስጥ ትተክላለች፤
«ዘጠኝ ነው» ትላለች።
«ዛሬም ዘጠኝ» ትላለች።
አሥር የሞላ ዕለት ዘሩን ቀበርንና
ላስቲክ አለበስነው፤
ማሳው ከሩቅ ሲያዩት ሐይቅ መሰለና
ዳክዬ አረፈበት።

ከዚያ ቁሮች መጡ። ቁራ ሒሳብ ያውቃል፤
መስመሩን ተከትሎ አንድ በአንድ ይነቅላል።
ሶርካ እንጨት አቁማ ያባቷን ካፖርት ደረበችለት፤
ሦስት ቀን ፈሩት፤ ባራተኛው ቀን ትከሻው ላይ ሰፈሩበት።
ፊንታን ግን ባጥሩ ቀዳዳ ካፖርቱን ድንገት ሲያይ
ቆቡን አወለቀ። እኔ ትራክተር ላይ
ያላየሁ መሰልኩ።

አየርላንድ ደረቀች ቢሉት ማን ያምናል?
ግንቦት ጠብ ሳይልበት፣ ሰኔም ተከትሎ፣ ምድሩ ተሰንጥቋል።
ገብሱ ከጉልበት በታች ዛላውን አወጣ፤
ማዳበሪያው አፈር ውስጥ ተኛ፣ የሚያቀልጠው አጣ።
ዝናቡ ሐምሌ ላይ፣ እንዳረፈደ እንግዳ፣ ይቅርታ ሳይል መጣ፤
ሥሩ የተኛውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ጠጣ፣
ፍሬው ውስጥ ከተተው። መዘዝ መሆኑን ማን አየ?
ነሐሴ ቀዘቀዘ። የሶርካ በቆሎ፣ እንደ ዓይናፋር ጎረምሳ፣
ፂም ማውጣት ዘገየ።

በሁለት ዝናብ መሃል፣ በሌሊት፣ በመብራት
ኮምባይነሩን ነዳሁ፤ ገለባው እንደ ጉም መስኮቴን ዘጋበት።
ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ አንዲት ወጣት
ተሳቢው ውስጥ ቧንቧ ሰደደች፣ እፍኝ ገብስ ሳበች፤
ማሽኑ ትንሽ አሰበ። «አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ» አለች።
ፊንታን አልተከራከረም።
«መኖ» አለ ብቻ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

መስከረም ሲያልቅ ሶርካ አንዲት የበቆሎ ፍሬ በጥፍሯ ወጋች፤
ወተት ፈሰሰ። ገና ነው። ውርጭ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።
አጨድን፣ ከተፍን፣ ከመርን፣ ላስቲክና አሮጌ ጎማ ጫንንበት፤
ገፈራው ተራራ ነው፣ ጉልበት ግን የለበት።
«ሰማንያ ላም በቅጠል አይከርምም» አለች፣
ለኔ ይሁን ላጥሩ እንጃ።

በማግስቱ ፊንታን «ጫነው» አለኝ። «ወዴት?»
ባገጩ አጥሩን አሳየኝ፤
ከከረጢት ቁራጭ ላይ ዋጋ ጽፎ ሰጠኝ።
ሶርካ አነበበች። «ከገበያ በታች ነው፤ ምጽዋት አልለመንኩም»
ብላ ጨምራ ጻፈች። እሱ ሰርዞ ቀነሰ። እሷ ሰርዛ ጨመረች።
ሻጭ እየቀነሰ፣ ገዢ እየጨመረ፣ እንዲህ ያለ ገበያ
አይቼ አላውቅም። አራቴ ተመላለስኩ፤
የናፍጣውን ማንም አላሰበልኝም።

ኅዳር ላይ ካፖርቱን በፊንታን ግቢ በር ተሰቅሎ አየሁት፣
ታጥቦ፣ የቁራው ኩስ ለቆ፣ የተቀደደው ብብቱ ተሰፍቶ።
ለብሶት አላየሁም።
ግን በነጋታው ሳልፍ
በሩ ላይ አልነበረም።