ስሙን አልጠራሽውም

እሑድ ጠዋት ነበር፤ ዝናብ ነው አፉላ።
ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች አያላ፤
ቀኝ ጆሮዋን አሟት፣ ጥጥ ከትቼ ውስጡ፣
ኩፓት ሆሊም ሄድን ሌሎች ሳይመጡ።
ለካ ሌላውም ሰው እንደኛ አስቧል፤
ወንበሩ ሞልቷል፣ መስኮቱ ጉም ለብሷል፣
ስም አስመዝግቦ፣ ስም ጠብቆ መቀመጥ ሆኗል።

ከጎናችን አንድ አዛውንት፣ ለብቻቸው፤
የኳስ ቡድን ዓርማ ያለበት ቆባቸው
(ከልጅ ልጅ ወርሰው ነው መሰለኝ) ግንባራቸው ድረስ ወርዷል፤
ፌስታላቸው በባዶ የመድኃኒት ካርቶን ተወጥሯል።
"ስምህ ማነው?" አለቻቸው። አንቱታ አልገባትም ገና።
እኔ አፈርኩ። እሳቸው ሳቁ፣ ነገሯት በትሕትና፤
በከንፈሯ ደጋገመችው፣ እንዳለባት ሰው ፈተና።

ከመስታወቱ ወዲያ ጸሐፊዋ ወረቀት አየች፤
"ቢ... ቢያ..." ብላ ጀመረች፣ መሐል ላይ ተወች፣
ሳቀች። "ቢያዲ!" አለች።
ማንም አልተነሳም።
"ቢያዲ!" ድምፅዋ ግድግዳ ነካ፤ ጣቷም ተቀሰረ፤
"ይሄ ሰውዬ አይሰማም እንዴ? ደንቆሮ ነው?"
ይህን ያለችው ሻይ ለምታማስል ለጓደኛዋ ነበረ።
አዛውንቱ፣ የታዩ መስሏቸው፣ ፈገግ አሉ።

እኔ ዕብራይስጥ አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ።
ብድር ጠይቄበታለሁ፣ ቤት ተከራይቼበታለሁ፣
ሕልም እንኳ አይቼበታለሁ፤
አንድ ቀን ግን አልተቆጣሁበትም።
"ዝም አይነቅዝም" እያለ ነው አባቴ ያሳደገኝ፤
አፌን እንደ ጎተራ በጭቃ መርጎ የተወኝ።
ተነሥ አልኩት ጉልበቴን። ጉልበቴ አልሰማኝም።

ጭኔ ግን ድንገት ቀለለኝ።
ወርዳለች። የጫማዋ ክር ተፈትቷል፣ ጥጡ ሊወድቅ ደርሷል፤
የቀሚሷን ጫፍ ይዤ "ተይ" አልኳት፤ ጨርቁ ከጣቴ አምልጧል።
የመስኮቱ ጠርዝ ግንባሯ ድረስ ነው፤ በእግሯ ጣቶች ቆመች፤
ስድስት ዓመት ያልሞላት፣ እንዲህ ብላ ተናገረች፦

"ደንቆሮ አይደለም። ስሙን አልጠራሽውም።
ቢያዲ የሚባል ሰው እዚህ የለም።
ቢያድግልኝ ነው። በይው እስቲ።"

እቤት አማርኛዋ አንካሳ ነው፤
"አባቴ መጣች፣ እናቴ መጣ" ትላለች፤
ይህን ስም ግን ሳታነክስ፣
"ኝ"ን በአፍንጫዋ አስጩኻ፣ እስከ ዳር አደረሰች።

ማንኪያው ብርጭቆ ውስጥ ቆመ።
"ቢያድ... ግሊን?"
"ልኝ።"
"ሊን።"
"ል — ኝ።"
በሦስተኛው ተሳካላት። ይቅርታ አላለችም፣ እውነቱን ልናገር፤
ስሙ ግን ሙሉውን ተጠራ፤ አዛውንቱም ተነሡ፣
ቆባቸውን አቃኑ፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ምስክር።

ሲያልፉ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ፤
"እደጊ" አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።
ስንት ቀብራ ይሆን እናታቸው፣ ይህን ስም ለማውጣት የደፈረች?
ስንት ሌሊት ትንፋሹን እያዳመጠች?
ሰማንያ ዓመት ተሻግሮ ፍርሃቷ እኔ ጭን ላይ አረፈ፤
የተፈታውን ክር ሳስር፣ ጎንበስ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣
"ብታድግልኝ" አልኩ፤ "ብታድግልኝ።"

ኩራት ነው? አዎ፣ ኩራት ነው። ሐፍረትም ተቀላቅሎበታል።
ጎተራዬን ከፍቼ ባየው፣ ለካ ዝምም ይነቅዛል።
"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይባላል፤
እሷ እሑድ ያቦካችውን
ይኸው እስከ ሐሙስ በልቼዋለሁ፣ ገና ተርፏል።

ያን ቀን ሐኪሙ በመጨረሻ ትንሽ መብራቱን አብርቶ፣
ጸጉሯን ወደ ኋላ ገፍቶ፣
"የትኛው ጆሮሽ ነው የታመመው?" አላት።
"ቀኙ" አለች።
"ግን ይሰማል።"