ሳይበርድ አይከደንም

ሐሙስ ነው። ጅማ ዝናብ ይዟታል፤
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ይገፋል።
ሉባባ ነጭ ጋወኗን በላስቲክ ጠቅልላ
ለአዳር ወጥታለች፣ ባጃጅ ውስጥ ተከልላ።
እቤት የቀረነው እኔና አምስት እስር ጎመን፣
ከኮቺ ገበያ በጠዋት ተከራክሬ ያመጣሁት፣
ግንዱን ስሰብረው ቀጭ የሚል፣
ቅጠሉን የማታው ጠብታ ያልለቀቀው።

ጎመን መቀቀልማ ለማን ይከብዳል?
ማሳደሩ ነው እንጂ ሰውን የሚፈትን።
ማታ ለምለም ብሎ የተቀመጠ ድስት
ጠዋት ስትከፍተው የወታደር ካፖርት፣
ሽታው የረጠበ ካልሲ፣
መልኩ ያኮረፈ ሰው።
እሷ ደግሞ የምትገባው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው፣
ዓይኗ ቀልቶ፣ እግሯ አብጦ፣
የስንቱን ሰው ትኩሳት በመዳፏ ይዛ።
ለዚህች ሴት ካፖርት አይቀርብም።

ያስተማረችኝ አደ ዲሚቱ ናት፣
ሠላሳ ዓመት የሆስፒታሉን ድስት ያማሰለች፣
እሷ ጡረታ ብትወጣም እጇ ያልወጣ።
አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝና
«አንተ ልጅ» አለች፣ «ይሄ ጎመን ምን በደለህ?»
ገብታ ማማሰያዬን ቀማችኝ።

«ውሃው መጀመሪያ ይንተክተክ፣ ጨው ይጠጣ፤
ጎመኑ ኋላ ይግባ፣ እንደ እንግዳ።
ክዳን እንዳትደፋበት! ይተንፍስ።
የታፈነ አረንጓዴ ቂም ይቋጥራል።
ግንዱ ለጥርስህ እሺ ሲል፣ ግን ገና ሲከራከር፣
ያኔ አውጣው።
አውጣና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣
ከጉድጓድ የተቀዳ፣ ጣት የሚያደነዝዝ፣
ድፍቅ! ይደንግጥ። ድንጋጤው ነው መልኩን የሚይዝለት።
ከዚያ ጭመቀው፤ እንደ ልብስ አይደለም፣
እንደ ሕፃን እጅ።
ሎሚ? ሎሚ ሲበላ ነው፤
ሎሚ ያደረበት ጎመን ሐሞት ይመስላል።
ሽንኩርቱም ቃሪያውም ለብቻቸው ይደሩ፣
ጠዋት ተናፍቀው ይገናኙ።
ሲበርድ፣ ልብ በል፣ ሲበርድ ነው የሚከደን።
ትኩስ ነገር ላይ ክዳን የሚጭን ሰው
የራሱን እንፋሎት መልሶ ያጠጣዋል።»

ይህን ስትለኝ እኔና ሉባባ
ሦስት ቀን ሳንነጋገር ከርመን ነበር።
ነገሩ የእህቷ ገንዘብ ነበር፣ ወይ የኔ አፍ፣
ትዝ አይለኝም።
ትዝ የሚለኝ በትኩሱ መክደናችን ነው፤
«ተይው በቃ።» «ተወው በቃ።»
ከጣሪያው ስር ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ።
አደ ዲሚቱ ስለዚያ ምን ታውቃለች? ምንም።
እሷ የምታወራው ስለ ጎመን ነው።

አሁን መብራት ሄደ፤ እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበት።
ፍሪጁ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ።
ሻማ ለኩሼ፣ የተጨመቀውን ጎመን
ዝርግ ሰሃን ላይ በተን አደረግኩት፣ ሳልከምረው።
ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ሰሃኑን መሃሉ አስቀመጥኩ፣
ከመስኮቱ ስር፣ ነፋሱ በሚያልፍበት።
በእጄ ጀርባ ነካሁት። ቆየሁ። ደግሜ ነካሁት።
በርዷል።
ከጎረቤት ጓሮ የቆረጥኩትን የእንሰት ቅጠል አለበስኩት።
ጎመን በጤና ይላል ሰው፤
ጤናው ከሷ፣ ጎመኑ ከኔ።

ነጋ። ዝናቡ አባርቷል።
ገባች፤ ጫማዋን በር ላይ ጥላ፣ ሳትቀመጥ
ስለ አልጋ ሰባት ጀመረች፣ ከሊሙ ስለመጣው ልጅ፣
ስለታጣለት ደም፣
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ይዞ ስላደረው አባቱ።
«ተይው በቃ፣ አረፍ በይ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።
አላልኩም።
ብዙ አወራች። ቆይታ ዝም አለች።
ደግሞ ትንሽ አወራች።

ከዚያ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ
አየች።
ትላንት ኮቺ ላይ የነበረው አረንጓዴ
እዚያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም።
ቆንጠር አድርጋ ጎረሰች፤
ግንዱ በጥርሷ መሃል ጥቂት ተከራከረ።
«ሎሚ አለ?» አለችኝ።